ሬስቶራንት ቺሊ ስታዙ ቦውሉ ውስጥ ምን እንዳለ እንዴት ታውቃላችሁ

ብርዱ ሲጀምር እዚህ አሜሪካ ቺሊ የማይሸጥ ዳይነር ማግኘት ከባድ ነው፣ ፋስት ፉድ ቤትም ግሮሰሪ ውስጥ ያለው ሆት ባርም (ትኩስ ምግብ ራሳችሁ የምትቀዱበት) ሁሉም ጋ አለ። በተለይ ማታ የሚሰሩ ልጆች፣ ኡበር የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሰሩ፣ ሆስፒታል ናይት ሺፍት የሚገቡ በጣም ይወዱታል ምክንያቱም ትኩስ ነው፣ ቅመም አለው፣ ያጠግባል። እና ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ ይሄ ነገር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ቺሊ ሳማስልና ስቀዳ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ሥጋና ቦሎቄ ያለበት ቺሊ ራሱ ጥሩ ምግብ ነው፣ በአንድ ሳህን ፕሮቲንም ፋይበርም አጥግቦ የሚሰጥ የፋስት ፉድ ምግብ ብዙ የለም። የሚጎዳው ጨዉና ከላይ የሚከመርበት ነገር ነው፣ ሁለቱንም ደሞ ከማዘዛችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት ቺሊ እንደሆነ ለዩ። ቺሊ ማለት ለማያውቀው ሰው ምንቸት አብሽ ውስጥ ቲማቲምና ቦሎቄ የተጨመረበት ብሎ ቢያስበው ብዙ አይሳሳትም፣ ከሙኑ ግን በደንብ ይሸታል። ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ቴክሳሶች በ1977 የስቴታችን ምግብ ብለው የሰየሙት ቺሊ ቦሎቄ አይገባበትም፣ ሥጋና የደረቀ በርበሬ ነው ዋናው ነገር፣ ቦሎቄ ከገባበት ቺሊ አይደለም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ስለዚ ሜኑው ላይ ቴክሳስ ስታይል ወይም ኖ ቢንስ የሚል ካያችሁ ፋይበሩ በጣም ይወርዳል፣ ፋቱ ደሞ ይወጣል ማለት ነው። የኦሃዮዋ ከተማ የሲንሲናቲ ከሆነ ቀረፋ ምናምን ገብቶበት ስፓጌቲ ላይ የሚፈስ ነው፣ ስሪ ዌይ የሚሉት ስፓጌቲ፣ ቺሊና ቺዝ ነው፣ ፋይቭ ዌይ ሲሆን ቦሎቄና ሽንኩርት ይጨመርበታል፣ እና እዛ ጋ ቺሊውን ብቻ ቆጥራችሁ ፓስታውንና ቺዙን ከረሳችሁ ግማሹን ምግብ ረሳችሁ። ዲሲ ያላችሁ ደሞ ዩ ስትሪት ላይ ከ1958 ጀምሮ ያለውን ቤንስ ቺሊ ቦውልን ታውቁታላችሁ፣ የኛ ሰው ሬስቶራንቶች የተደረደሩበት 9ኛ ስትሪት ቅርብ ነው፣ እዛ ዝነኛው ነገር ሀፍ ስሞክ የሚባለው ቋሊማ ላይ የሚፈሰው ቺሊ ነው። እንደዛ ሲሆን ቺሊው ስጎ ነው እንጂ ዋናው ምግብ አይደለም፣ የምትቆጥሩት ቋሊማውንና ዳቦውን ነው። ከዚህ በታች የማወራው በቦውል ስለሚመጣው፣ ሥጋም ቦሎቄም ስላለበት ነው።

ቁጥር ለማግኘት ቀላሉ መንገድ መጠየቅ ነው፣ ብዙ ሰው ግን መብቱ እንደሆነ አያውቅም። በ2010 በወጣው ኦባማ ኬር በምንለው ሕግ ውስጥ የተካተተና ከግንቦት 2018 ጀምሮ በስራ ላይ የዋለ መመሪያ አለ፣ በአንድ ስም 20ና ከዛ በላይ ቅርንጫፍ ያለው ሬስቶራንት ካሎሪውን ሜኑው ላይ መጻፍ አለበት። ካሎሪ ብቻ አይደለም፣ ደንበኛ ከጠየቀ ሶዲየሙን (ጨው ውስጥ ያለው ነገር ነው)፣ ሳቹሬትድ ፋቱን (እንደ ቅቤ የሚረጋውን ፋት)፣ ፋይበሩን፣ ሹገሩን፣ ፕሮቲኑን በጽሑፍ ማሳየት ግዴታው ነው። ካሸሩ ባያውቅ ማኔጀሩ ያውቃል። ዌብሳይታቸው ላይም ኒውትሪሽን የሚል ቦታ ይኖራል፣ ስልካችሁ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሰው ዘሎ ካሎሪውን ነው የሚያየው። እኔ ግን ቺሊ ላይ ካሎሪ መጨረሻ ብታዩት እላለሁ። መጀመሪያ መጠኑን እዩ፣ ስንት ግራም ወይም ስንት አውንስ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ቤት ካፕ ብሎ 8 አውንስ ይሰጣል፣ ሌላው ቤት ቦውል ብሎ 10 ይሰጣል፣ ሌላው ደሞ 16 ይሞላላችኋል፣ ስሙ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ቀጥሎ ሶዲየም፣ ቀጥሎ ፋይበር። ፋይበሩ ከፍ ካለ ቦሎቄው በደንብ አለበት ማለት ነው፣ ቦውል ሙሉ ቺሊ 3 ግራም ፋይበር ብቻ ካለው ቦሎቄው ለስም ያህል ጣል ጣል የተደረገ ነው። ለምሳሌ ከ1969 ጀምሮ ቺሊ የሚሸጠው ዌንዲስ ትንሹ ሳይዝ ከ300 ካሎሪ በታች ነው፣ ፋስት ፉድ ቤት ገብታችሁ ሥጋ ያለው ትኩስ ምግብ በዚህ ካሎሪ የምታገኙበት ቦታ ብዙ አይደለም፣ ሶዲየሙን ግን እዛው ጋ አያይዛችሁ እዩት።

እሺ ቤቱ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ያለው የሰፈር ዳይነር ከሆነስ? ሕጉ አያስገድደውም፣ ቁጥርም የለውም። ያኔ ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ፣ እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው። 12 አውንስ የሚይዝ ቦውል ውሰዱ፣ ወደ 350 ግራም ቺሊ ነው። ውስጡ የበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ 85 ግራም፣ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ 100 ግራም፣ ቲማቲም 120 ግራም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ 40 ግራም፣ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ አለ እንበል። ሥጋው 15 በመቶ ፋት ያለው ዓይነት ከሆነ ወደ 213 ካሎሪና 22 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፣ ቦሎቄው 127 ካሎሪ፣ ወደ 9 ግራም ፕሮቲንና ከ6 ግራም በላይ ፋይበር፣ ቲማቲሙ 38 ካሎሪ አካባቢ፣ ሽንኩርትና ቃሪያው 15፣ ዘይቱ 40። ሲደመር 430 ካሎሪ ገደማ፣ 33 ግራም ፕሮቲን፣ 18 ግራም ፋት፣ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 9 ግራም ፋይበር። አሁን ይሄንን ከቀን መለኪያው ጋር አስተያዩት፣ የምግብ ሌብል ላይ የሚጠቀሙት የቀን ፋይበር 28 ግራም ነው፣ ፕሮቲን 50 ነው፣ ስለዚ በአንድ ቦውል የፋይበሩን ሲሶ፣ የፕሮቲኑን ከግማሽ በላይ አገኛችሁ። ለ430 ካሎሪ ይሄ በጣም ጥሩ ነው! 8 አውንሷ ካፕ ከሆነች ሁሉንም በሦስት አካፍላችሁ ሁለት እጁን ውሰዱ፣ 290 ካሎሪ አካባቢ ትመጣለች።

ይሄ ግምት የሚዛባው በሥጋው ዓይነት ነው። ብዙ ኪችን 80 በ20 የሚባለውን፣ 20 በመቶ ፋት ያለውን ሥጋ ነው የሚያመጣው፣ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። ጥሬው 115 ግራም ውስጥ 23 ግራም ፋት አለ፣ ሼፉ ጠብሶ ፋቱን ካጠነፈፈው የተወሰነው ይሄዳል፣ ካላጠነፈፈው ግን ድስቱ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ከላይኛው ስሌት ጋር ስታስተያዩት በአንድ ቦውል 10 ግራም ፋት ወይም 90 ካሎሪ ይጨምራል። ይሄን ማንም አይነግራችሁም ግን ዓይናችሁ ያየዋል። ቦውሉ ሲመጣ ከመነካቱ በፊት ዳር ዳሩን እዩት፣ ቀይ ዘይት ቀለበት ሰርቶ ተንሳፎ ከሆነ ፋቱ አልተጠነፈፈም። ትንሽ ዘይት ጤነኛ ነው፣ በርበሬውም ዘይት ውስጥ ነው ቀለሙን የሚያወጣው፣ ግን ማንኪያ ስታስገቡ ዘይቱ ለብቻው የሚቀዳ ከሆነ በማንኪያ ገፈፍ አድርጋችሁ ሶሰር ላይ አስቀምጡት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፋት ስትገፉ ከ100 ካሎሪ በላይ ገፋችሁ። ሌላም ነገር አለ፣ ስቲም ቴብል (ምግብ በእንፋሎት እየሞቀ የሚቆይበት ጠረጴዛ) ላይ የተቀመጠ ቺሊ ፋቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሥጋና ቦሎቄው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ የሚቀዳው ልጅ ሳያማስል ከላይ ከቀዳላችሁ ስጎና ዘይት ነው የምትበሉት። ሆት ባር ላይ ራሳችሁ የምትቀዱ ከሆነ ጭልፋውን እስከ ታች አስገብታችሁ አማስሉና ቅዱ።

አሁን ወደ ጨዉ እንምጣ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,300 ሚሊግራም ሶዲየም በላይ አይመከርም፣ ይሄ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ በቀኑ ውስጥ በበላችሁት ሁሉ ተደምሮ። ግፊት ላለበት ሰው ደሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር 1,500 ላይ ቢያቆም ይመርጣል። ሬስቶራንት ቺሊ በአንድ ቦውል 1,000ና ከዛ በላይ መድረስ ለሱ ቀላል ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ጨዉ ከአንድ ቦታ አይደለም የሚመጣው። ቦሎቄው የቆርቆሮ ነው፣ ጨው አለበት፣ ቲማቲሙ የቆርቆሮ ነው፣ ጨው አለበት፣ ውሃ በመጨመር ፋንታ ቢፍ ቤዝ የሚሉትን እንደ ሊጥ ያለ የሾርባ ቅመም ይበጠብጡበታል፣ እሱ በአብዛኛው ጨው ነው፣ የቺሊ ሲዝኒንግ ፓኬቱ ውስጥም ጨው አለ፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ሼፉ ቀምሶ ትንሽ ይጨምራል። በዚህ ላይ ቺሊው ከጠዋት ጀምሮ ስቲም ቴብል ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል ጨዉ ግን የትም አይሄድም፣ ስለዚ ማታ 9 ሰዓት ፒኤም ላይ የምትቀዱት ቺሊ ከምሳ ሰዓቱ ወፈር ያለና ጨዋማ ነው። ቁጥሩን ካገኛችሁ ደሞ ወደ ጨው ለመቀየር ለ400 አካፍሉት፣ ለምሳሌ 1,200 ሚሊግራም ሶዲየም ከሆነ 3 ግራም ጨው ነው፣ ያ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ። ቤት ውስጥ እናታችሁ አንድ ሰው ሳህን ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ስትነሰንስ ብታዩ ዝም አትሉም ነበር፣ እዚህ ግን ቅመሙና ቲማቲሙ ስለሚሸፍነው ምላሳችሁ አይነግራችሁም። ለዛ ነው በቅምሻ አትመኑ የምለው።

ከዛ ቶፒንግ። እዚህ ጋ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ካላያችሁ አይታመንም። ቼዳር ቺዝ አንድ አውንስ፣ እፍኝ የማይሞላ፣ 115 ካሎሪ። ሳወር ክሪም ሁለት የሾርባ ማንኪያ 60 አካባቢ። ጨው ያለባቸው ክራከሮች አምስት ፍሬ 70 አካባቢ። ኮርንብሬድ መካከለኛ ቁራጭ 200 ገደማ፣ ቅቤው ሳይቆጠር። ድምሩ 445፣ ቺሊው ራሱ 430 ነበር። ከቺሊው በላይ ሆነ እኮ! ሳቹሬትድ ፋቱ ደሞ ቺሊው ብቻውን ወደ 5 ግራም ነበር፣ ቺዝና ሳወር ክሪም ሲጨመር ወደ 14 ይጠጋል፣ የቀኑ ጣሪያ 20 ነው። በጎን ትልቅ ሶዳ ካለ እሱን ለብቻው ቁጠሩት፣ ባለ 20 አውንስ ኮካ 240 ካሎሪና 65 ግራም ስኳር ነው፣ ፕሮቲንም ፋይበርም የለውም።

ስለዚ ስታዙ እንደዚ በሉ፣ ካፕ ይሁንልኝ፣ ቺዝና ሳወር ክሪሙን ለብቻው በጎን አምጡልኝ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩልኝ። ቶፒንግ በጎን ሲመጣ የምትጨምሩትን ራሳችሁ ትመጥናላችሁ፣ ከላይ ተደርጎ ሲመጣ ግን ሁሉም ያልቃል። ሽንኩርቱ፣ ሃላፒኖ የሚሉት ቃሪያ፣ ሎሚው ጣዕም ይጨምራል ካሎሪው ግን ከቁጥር አይገባም፣ ከማሰሮ የሚወጣው ፒክል ሃላፒኖ ግን ጨው አለበት፣ ትኩሱን ጠይቁ። ጠግባችሁ መግባት ከፈለጋችሁ ከኮርንብሬድ ይልቅ ተራ የተጋገረ ድንች አዝዛችሁ ቺሊውን ላዩ ላይ አፍስሱት፣ ድንቹ ጨው ስላልገባበት የቺሊውን ጨውነት ያለዝበዋል፣ እኔ በጣም የምወደው አበላል እሱ ነው። ሌላው ጥሩ ዘዴ አንድ ቦውል ለሁለት ሰው ከሰላጣ ጋር ነው።

ለኛ ሰው የሚመለከት ሌላ ጉዳይ አለ። የበሬ ሥጋ ቺሊ ነው ተብሎ ቤከን ወይም የአሳማ ቋሊማ የሚገባበት ቤት አለ፣ ለጣዕም ብለው ነው፣ ሜኑው ላይ ላይጻፍ ይችላል። ከላይ ያነሳሁት ሀፍ ስሞክም በተለምዶ የአሳማና የበሬ ሥጋ ቅልቅል ነው። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም አሳማ የማትበሉ ከሆነ ፖርክ አለበት ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ ሙስሊሞች ደሞ አሳማ ባይኖርበትም ሥጋው ሐላል መሆኑን ለብቻው ነው የምትጠይቁት። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዓቢይ ጾም ቬጂቴሪያን ቺሊ የሚል አይታችሁ ዘላችሁ አትዘዙ፣ ቬጂቴሪያን ማለት ሥጋ የለበትም ነው እንጂ ወተትና ቺዝ የለበትም ማለት አይደለም፣ አንዳንድ ቦታም ውሃው ቢፍ ቤዝ ሆኖ ይገኛል። ቪጋን ነው ወይ፣ ሾርባው ከምንድነው የተሰራው ብሎ መጠየቅ ነው። የጾሙ ቺሊ በነገራችን ላይ ፋይበሩ ከሥጋው ይበልጣል፣ ፕሮቲኑ ቀነስ ይላል፣ ጨዉ ግን ያው ነው።

አይረን የሚያንሳቸው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ቺሊ ጥሩ ነው። ሥጋው ውስጥ ያለው አይረን ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት ነው፣ የቦሎቄው ደሞ ብቻውን ብዙ አይወሰድም ግን ሥጋውና የቲማቲሙ ቫይታሚን ሲ ያግዙታል። ይሄንን የሚያበላሸው ወዲያው ላዩ ላይ የሚጠጣው ሻይና ቡና ነው፣ በተለይ የቦሎቄውን አይረን ይዞ ያስቀረዋል፣ እኛ ደሞ ከምግብ በኋላ ቡና ሳንል አንነሳም። ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት።

ስኳር ያለበት ሰው ቺሊ አይፍራ፣ ቦሎቄው ፋይበር ስላለው ስኳሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚለቀው፣ የሚፈራው ኮርንብሬዱና ክራከሩ፣ ስፓጌቲ ላይ ከሆነ ደሞ ፓስታው ነው። ኩላሊት ላይ ችግር ያለበት ግን ቦሎቄና ቲማቲም ሁለቱም ፖታሲየም በብዛት ስላላቸው ሐኪሙን ሳያማክር ባይለምደው ይሻላል።

ከተረፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን መኪና ውስጥ ሺፍት እስኪያልቅ አታስቀምጡት። ከሁለት ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጪ የቆየ ሥጋ ያለው ምግብ ይጣላል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ማታ አስገብታችሁ ጠዋት ስትከፍቱት ፋቱ ከላይ ብርቱካንማ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ፣ በማንኪያ አንሱት፣ ሬስቶራንቱ ያላጠነፈፈውን እናንተ አጠነፈፋችሁ። ስታሞቁት ትንሽ ውሃና አንድ ቲማቲም ከትፋችሁ ጨምሩ፣ ጨዉ ይለዝባል፣ እንዲንተከተክ አድርጋችሁ ብሉት።

ቤት ልስራው የምትሉ ደሞ ቀይ ቦሎቄውን ደረቁን ከገዛችሁ ጥሬውን ስሎው ኩከር ውስጥ በፍጹም እንዳትጨምሩት። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ በኃይል የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዝ አለ፣ ስሎው ኩከር ደሞ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ መርዙን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ለ30 ደቂቃ በደንብ አፍሉት፣ ከዛ በኋላ ነው ከሥጋው ጋር የሚገናኘው። የቆርቆሮው የበሰለ ስለሆነ ይሄ አያሳስባችሁም፣ ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ከሶዲየሙ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከውሃው ጋር ይሄዳል።